ፎልደሩ እስኪከፈት

ሐምሌ 13 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነበር። ሰዓቱን የያዝኩት ስልኬን በየደቂቃው አየው ስለነበር ነው፤ አማቴን የጫነው መኪና የት እንደደረሰ የሚነግረኝ ሰው እጠብቅ ነበር። ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጫለሁ። ከቺፑዱ ግርግዳ ወዲያ የባለቤቴ እህት አስካል ከዕድሩ ሴቶች ጋር ሽንኩርት ትልጣለች። የተኛሁ መስሏቸዋል። "የሰው ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ ኖሮ ለራሱ አንድ የለውም" አለች አስካል። "እናቴን እንደሆነ ቀብሩ አመለጣት። አሁን መጥታ ምን ልታይ ነው? ያቺን የመታወቂያ ኮፒ?" ከሴቶቹ አንዷ፣ ሚስቱ ኮምፒውተር ትነካካ የለም ወይ፣ ከሱቁ ማሽን ውስጥ ፈልጋ አታወጣም ወይ ብላ ጠየቀቻት። አስካል ቢላዋዋን ስታቆም ተሰማኝ። "ፀዲ ትነካካለች እንጂ አታውቀውም። የሱን ማሽን የምታውቀው ቤቴል ናት። ትናንት ደውዬላታለሁ፤ ዛሬ ከዲመካ ትመጣለች።"

ሣህሌ የሞተው እሑድ ነው። ቀይ አፈር ከተማ ሠርግ ቀርጾ ሲመለስ ሞተሩ ዝናብ ባረጠበው መታጠፊያ ላይ ተንሸራተተ። ካሜራው በቦርሳው ውስጥ ተረፈ፤ ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ደቀቀ። ሰኞ ቀበርነው። እናቱ እማማ ባዩሽ ሳውላ ነው የሚኖሩት፤ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት መነሳት የቻሉት ማክሰኞ ነበር። ልጃቸውን ስድስት ዓመት ሙሉ አላዩትም። እኛ ሰፈር ድንኳን ሲተከል ከፊት ለፊት አንድ ወንበር ነጭ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል፤ የሟቹ ፎቶ እዚያ ላይ ይሆናል። ቀብር ያመለጠው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወንበሩ ነው። እዚያ ፊት ቆሞ ካላለቀሰ ለቅሶ የደረሰ አይመስለውም። በኛ ወንበር ላይ የነበረው ከቀበሌ መታወቂያው ላይ በኮፒ ማሽን የጎላ ፊት ነው። ግራጫ ሆኗል፤ ማኅተሙ አገጩን ይዞታል። እኔ ስልክ ውስጥ ያሉት የሱ ፎቶዎች ሁለት ናቸው፤ በሁለቱም ካሜራው ፊቱን ከልሎታል።

ሐዘንተኛ ሦስተኛው ቀን ሳያልፍ ከድንኳን አይወጣም። ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ግን ተነሳሁ፤ ነጠላዬን ተከናነብኩ፤ ከቦርሳው ውስጥ የሱቁን ቁልፍ አወጣሁና በጓሮ አጥር በኩል ወጣሁ። ቤቴል ከመምጣቷ በፊት ልደርስ ነው። የድሮውን አየር ማረፊያ ሜዳ ስሻገር ከብት የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ኤርሳዶ፣ ፍሬም የሚሠራልን የከምባታ ሰው፣ ከሥራ ቤቱ ደጅ ብድግ አለ፤ ቆቡን አወለቀ። የት እንደምሄድ አልጠየቀኝም። በሆዴ ግን ምነው በጠየቀኝ እል ነበር፤ ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ ለእናቱ ፎቶ ላወጣ ነው፣ ማንንም ሳልጠራ እኔው ራሴ ላወጣ ነው እለው ነበር።

ሱቁ አንድ ክፍል ነው። በሩ ላይ "ሣህሌ ፎቶና ቪዲዮ" የሚለው ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ዋጋዎቹ ተለጥፈዋል፤ ጉርድ ፎቶ አራት ፍሬ ሰማንያ ብር፣ ላሚኔሽን አርባ። ከኋላ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ፊት ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ። ኮምፒውተሩ በመስኮቱ በኩል ነው። የሱ ወንበር ስፖንጁ ወጥቷል፤ የመጋረጃ ቁራጭ አልብሶታል። ተቀመጥኩበት። ሙቀት ያለው መሰለኝ፤ ግን ፀሐይ ነው፤ በመስኮቱ ገብቶ ነው።

ይህን ማሽን ማንም አላስተማረኝም። ስንጋባ፣ ለኔም አሳየኝ እንጂ ብዬው ነበር፤ "ቤቱንስ ማን ይይዛል?" አለኝ። በዓመቱ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ ፍለጋ የመጣችውን ቤቴልን ቀጠረ፤ ለሷ ከፎቶ እስከ ቪዲዮ ቅንብር ሁሉንም አስተማራት። አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠሩ። ምሳ ይዤላቸው ስመጣ ሁለቱም ወደ አንድ ስክሪን አዘንብለው አገኛቸው ነበር። ቀና ብለው ያመሰግኑኛል፤ ተመልሰው ያዘነብላሉ። እኔ የተማርኩት እሱ ወደ ገጠር ሲወጣ፣ ሱቁን እንድጠብቅ ቁልፉን ሲተውልኝ ነው። ከስልክ እያነበብኩ፣ በስህተት እየዘጋሁ፣ የጠፋውን እየከፈትኩ ተማርኩ። ጉርድ ፎቶ ቆርጬ ማተም ቻልኩ። ስነግረው "ጎበዝ" አለኝ፤ ለሕፃን እንደሚባለው። ለቤቴል እንዲህ ብሏት አያውቅም። እሷን ይሟገታት ነበር። ሰው የሚሟገተው እኩያውን ነው፤ እኔን የበላኝ ይኸው ነው።

ማሽኑን አበራሁ። ፎቶዎቹ ያሉበትን ፎልደር ነካሁት። መስኮቱ ተከፈተ፤ ውስጡ ነጭ ነው። ከላይ አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ። ኤሊ ይሻላል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ ፎቶ ባዶ ወረቀት ሆኖ ብቅ አለ፤ ምስል የለበትም፤ ቆይቶ ሁለተኛ፤ ቆይቶ ሦስተኛ። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ስነካው ስክሪኑ ጠቅላላ ገረጣና ፕሮግራሙ ምላሽ አይሰጥም አለኝ። አጠፋሁት፤ እንደገና አበራሁት። ፀረ ቫይረሱን አስሮጥኩት፤ ምንም አላገኘም። የማያስፈልጉ ፋይሎችን ደመሰስኩ፤ ቦታ ሲለቀቅ ይፈጥን ይሆናል ብዬ። ፎልደሩን ደግሜ ከፈትኩ፤ ያው ነው። አራት ሰዓት አለፈ። አስካል ደወለች፤ አላነሳሁም። መልእክት ላከች፦ እማማ ላስካን አልፈዋል፤ ስምንት ሰዓት ይደርሳሉ።

ሣህሌ ላለፉት ሁለት ዓመታት ከዚህ ማሽን ፊት እያመሸ ነው የኖረው። እራት ይቀዘቅዛል። የት ነበርክ ስለው "ፎልደሩ እስኪከፈት ስጠብቅ" ይለኛል። ሁልጊዜ ያው መልስ። ፎልደር ለመክፈት ሰው ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል ብሎ ማን ያምናል? አላምነውም ነበር። ዲመካ፣ ለቤቴል እየደወለ ነው እላለሁ። አንዳንዴ ለሱም እለዋለሁ። እሱ ውሃውን ይጠጣል፤ እኔ ሳህኑን አነሳለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አረንጓዴዋን መስመር ሳይ ይህ ሁሉ መጣብኝ፤ ግን ገፋሁት። እውነቱን ሲናገር እንደነበረ ማወቅ ያን ሰዓት አልፈለግኩም። ፎልደሩ ውስጥ የደበቀው ነገር አለ፣ እንዳይከፈትም ያደረገው ራሱ ነው ብዬ ማሰብ ቀለለኝ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቤቴል በሩ ላይ ቆመች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ የላስቲክ ጫማዋ ጭቃ ነው። ዓይኗ አብጧል። ከኔ የበለጠ ያለቀሰች መስላ ታየችኝ፤ ለዚህም ተናደድኩባት። እግዚአብሔር ያጽናዎት አለችኝ። አሜን አልኩ። ሁለታችንም መተቃቀፍ እንዳለብን እናውቃለን። አልተነሳሁም።

"እትዬ ፀደይ፣ አስካል ናት የጠራችኝ።"

"አውቃለሁ። እኔ አልጠራሁሽም።"

"እሱማ አዎ" አለች። የምትቀመጥበት ፈለገች፤ ሌላ ወንበር ስለሌለ የደንበኛውን ዱካ ከመጋረጃው ፊት ጎትታ ከኋላዬ ተቀመጠች። ስክሪኑን አየች። አረንጓዴዋ መስመር ግማሽ ላይ ቆማለች። እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቀችኝ። "አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ" አልኳት። አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ማለቴ ነበር፤ ስድብ ነበር። እሷ ግን ስድቡን ተወችና ነገሩን ብቻ ወሰደች። አንገቷን ዘመም አድርጋ አሰበች። ዘመም የምትለው እንደ ሣህሌ ነው።

እጇን ወደ ማውሱ ስትዘረጋ ከለከልኳት። "ንገሪኝ እንጂ አትንኪ።" እጇን ሰበሰበች፤ ጉልበቷ ላይ አደረገች። እንዲህ ሆኖ ነው የሠራነው፤ ቃሉ የሷ፣ እጁ የኔ። የደብዳቤዎቹን ፎልደር ክፈቺው አለችኝ፤ እንደነካሁት ተከፈተ። የመዝሙሮቹን አለችኝ፤ እሱም ተከፈተ። የፎቶውን ስነካ ነጭ ሆኖ ቀረ። "እንግዲህ ማሽኑ አላረጀም" አለች፤ "የሚጠፋበት ፎቶ ሲያይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ያልታመመውን ለይ።" የመጨረሻዋ አነጋገር የሣህሌ ናት። ጄኔሬተር ሲበላሽ፣ ሞተር ሲበላሽ፣ የጎረቤት ልጅ ሲታመም ሳይቀር የሚላት ነበረች። እሷ አፍ ውስጥ ተመቻችታ ስሰማት፣ ከቤቴ አንድ ዕቃ ወጥቶ ሰው ቤት ያየሁት ያህል ሆነብኝ።

የትኛው ዓይነት ፋይል በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት የሚናገር ቦታ አለ። ሴቲንግ ውስጥ ነው፤ እኔ ደርሼበት አላውቅም። እዚያ መራችኝ። የፋይል ዓይነቶች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ በያንዳንዱ አጠገብ የሚከፍተው ፕሮግራም ከነምልክቱ አለ። የፎቶው አጠገብ ምልክት የለም፤ ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። ፕሮግራሙ ያለበትን አድራሻ እንዴት እንደማወጣው ነገረችኝ፤ አወጣሁት። ሁለት ያዘነበሉ ጭረቶች፤ ከዚያ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ስም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ቤ፣ ቴ፣ ል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የኔ ኮምፒውተር ስም ነው" አለች። ድምፅዋ ቀነሰ። "ሁለቱ ማሽኖች በኬብል ተያይዘው ነበር። የዚህኛው ዲስክ ሞልቶ ስለነበር የፎቶ ማስተካከያውን እኔ ላይ ጫንነው፤ ይሄኛው ከኔ እንዲከፍት አደረግነው። እኔ ማሽኔን ይዤ ስሄድ ማንም አላስታወሰም። አሁን ፎልደሩ ሲከፈት ለያንዳንዱ ፎቶ ያንን ፕሮግራም ሊፈልግ ወደ እኔ ማሽን ይሄዳል። አያገኘውም። ይጠብቃል። ሲታክተው ይመለሳል። ቀጥሎ ያለው ፎቶም እንደዚያው።"

"እዚህ ፎልደር ውስጥ አራት ሺህ ፎቶ አለ።"

"አዎ።"

"እያንዳንዱ ፎቶ አንቺን ይፈልጋል ማለት ነዋ።"

"እኔን አይደለም እትዬ። ፕሮግራሙን ነው።"

ልክ ናት። ማሽን ሰው አያውቅም። እኔ ግን የባሌን ሥራ በሙሉ፣ የሠራውን ሠርግ፣ የቀረጸውን ቀብር፣ የክርስትና ልጆቻችንን ፊት፣ በሷ ስም በኩል ካልሆነ የማይከፈት ሆኖ አየሁት። ያውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እንደተበላሸ ግን ያውቃል አለችኝ። ካሜራ ላይ ማንም አይደርስበትም፤ የማሽኑን ውስጥ ግን ሁልጊዜ የምትፈታው እሷ ነበረች። በሄደች በወሩ ደውሎላታል፤ በቀጣዩም ዓመት ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ አንድ ቀን መጥተሽ እይልኝ ብሏታል።

"ታዲያ ለምን አልመጣሽም?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ውጭ አየች። ደጅ ላይ ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ቆሞ የተዘጋውን ግማሽ በር እያየ ነው፤ ሣህሌ መሞቱን አልሰማም። "እርስዎ አትምጪ ስላሉኝ" አለች።

እውነት ነው። ሰኔ 2012 ላይ ሣህሌ ኦሞራቴ ለአንድ ፕሮጀክት ፎቶ ሊያነሳ አራት ቀን ወጥቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ እሷ ወረቀት ስትቆርጥ፣ ከእንግዲህ በዚህ ደጅ እንዳላይሽ አልኳት። ምን አጠፋሁ አላለችኝም። መቀሱን አስቀመጠች። ሣህሌ ሲመለስ፣ የራሴን ልከፍት ነው ብላ ነገረችው እንጂ የኔን ስም አላነሳችም። እሱም ደስ አለው፤ በአራት ዓመት ሥራዋ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ሰጣት፤ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ራሱ ጫነላት። እኔ ሸኘኋት። ያን ቀን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ባሌን ከማሽን ፊት ለሁለት ዓመት ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ያሰርኩትንም እኔው ስቆጣ ኖሬአለሁ። "ፎልደሩ እስኪከፈት" ይለኝ ነበር። ይህን ለቤቴል አልነገርኳትም። አሁንም ቢሆን ለማንም አልነገርኩም።

"አሁን ምን ላድርግ?" ነው ያልኳት።

መራችኝ። የፎቶውን ዓይነት ነካሁ፤ ከዚሁ ማሽን ላይ ያለውን ተራ የፎቶ ማሳያ መረጥኩ፤ ሁልጊዜ በዚህ ክፈት የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። የካሜራው ዋና ፋይል ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱም ከሷ ማሽን ጋር ታስሯል፤ እሱንም አላቀቅኩ። ከዚያ በቀኝ ቁልፍ ሲነካ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ያ የሞተ አድራሻ አሁንም ስላለ እሱን ከሥሩ መንቀል ያስፈልጋል አለች። እዚያ ቦታ የተሳሳተ ነገር ከተነካ ማሽኑ እንደማይነሳ አስጠነቀቀችኝ፤ መጀመሪያ ቅጂውን እንዳስቀምጥ አደረገችኝ። እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። "እርስዎ ይችላሉ" አለችኝ። ጎበዝ አላለችኝም። ስሟ ያለበትን መስመር መርጬ ደመሰስኩት። ስደመስሰው ደስ አለኝ፤ ይህንን አልክድም። እሷም ሳታይ አልቀረችም።

አጥፍቼ አበራሁ። ፎልደሩን ነካሁ። አረንጓዴዋ መስመር አልታየችም። አራቱ ሺህ ፎቶ በአንድ ጊዜ ስክሪኑን ሞላው፤ ሙሽሮች፣ ዘማሪዎች፣ የተመረቁ፣ የዲመካ ገበያ፣ ሬሳ ሣጥን፣ ኬክ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በዓመተ ምሕረት እየለየሁ ወረድኩ። እሱን የሚያሳይ አንድ ነገር፣ በተለይ እኔ ያነሳሁት፣ ወይም እኔ አጠገቡ ያለሁበት፣ ፈለግኩ። የሠርጋችን ፎቶ የለም፤ ያኔ ገንዘብ አልነበረንም። ካሜራውን ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ስለዚህ እኔ ያነሳሁት አይኖርም፤ እያወቅኩ ነው የፈለግኩት። ቤቴል ከኋላዬ ወደ ስክሪኑ አዘነበለች። ከዚያ፣ "የ2011ን፣ ዱስ የሚለውን" አለችኝ ቀስ ብላ።

ከፈትኩት። የዱስ መንደር፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ነው። ሣህሌ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል፤ ጫማዎቹን በአንድ እጁ አንጠልጥሏል፤ እግሩ ጭቃ ነው። ወደ ካሜራው እያየ ይስቃል። እንዲህ የሚስቀው አንድ ነገር አምልጦት ሲያፍር ነው፤ የላይኛው ድዱ ይታያል፣ አንድ ዓይኑ ይጠባል። ከወገቡ በላይ ብቻ ቢቆረጥ ማንም የተሻለ ፎቶ ሊያመጣ አይችልም። ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነገር ትታያለች። ያን ዓይነት ሣቅ ቤት ውስጥ ያየሁት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አይቼዋለሁ፤ ግን ያን ሰዓት አልመጣልኝም።

"ማን ሲያነሳው ነው?" አልኳት፤ አውቄው።

"እኔ ነኝ። ጭቃው ውስጥ ተንሸራትቶ ሲነሳ። ከኛ ጋር የወረዳው ሾፌርና ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሁላችንም ሳቅን።" ከሾፌሩና ከሁለቱ ሴቶች ጀምራ መናገሯን ወደድኩላት፤ ግን አልበቃኝም። ስንት የሱን ፎቶ እንዳነሳች ልጠይቃት ፈለግኩ፤ ለምን ያን ያህል እንደሳቀ ልጠይቃት ፈለግኩ። የመታወቂያውን ኮፒ አሰብኩ፤ በሷ ዓይን የታየውን ባሌን ወንበር ላይ ከማስቀምጥ ያ ማኅተም ያረፈበት ይሻላል የሚል ሐሳብ በእውነት መጣብኝ። ትንሽ አይደለም የቆየሁት። ቤቴል ሰዓቷን አየች። ከዚያ እማማ ባዩሽን አሰብኩ። ስድስት ዓመት። ግራጫ ፊት።

ቆረጥኩት። ወረቀቱ ላይ ሞልቶ እንዲወጣ አስተካከልኩት፤ ይህን እችላለሁ፤ ማንም አልመራኝም። የፎቶ ወረቀቱ ጥቅል ውስጥ ሦስት ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያው ሲታተም መብራቱ ብልጭ ድርግም ብሎ ጥላ ጣለበት፤ ሁለተኛው ጥርት ብሎ ወጣ። እስኪደርቅ በሁለት ጣቴ ጠርዙን ይዤ ቆምኩ። ቤቴል በሩን ዘጋች። ኤርሳዶ ጋ ስንደርስ ከጥድ የተሠራ ፍሬም አወጣ፤ አራት መቶ ሃምሳ የሚሸጠው ነው፤ መስታወቱን በሸሚዙ ጠረገና ፎቶውን አየ። "ይኼ ሰውዬ አሁን ሊያወራኝ ነው" አለ። ብር ሳወጣ እጄን ገፋው፤ ሐዘን ላይ ብር አይቆጠርም አለ።

ከጓሮ ስገባ አስካል ከምጣዱ ቀና አለች። ልትቆጣኝ ነበር፤ ፍሬሙን አየች። ወደ ቤቴልም አየች። "አወጣሽልን?" አለቻት። ቤቴል አፏን ከመክፈቷ በፊት እኔ አለፍኩ፤ ወደ ድንኳኑ ገባሁ፤ ኮፒውን አንስቼ ፎቶውን ወንበሩ ላይ አቆምኩት። የተቀመጡት ወንዶች ማውራት አቆሙ። የሰፈራችን ሽማግሌ መነጽራቸውን አደረጉ። አንድ ሰው ጮኾ ማልቀስ ጀመረ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያላለቀሰ የሣህሌ ጓደኛ ነው።

እማማ ባዩሽ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ሁለት ሰዎች ደግፈዋቸው ገቡ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፤ መኪናው ሁለት ቦታ ሲያዝ ወርደው ተራምደዋል። መሬት ላይ ይወድቃሉ ብለን ሴቶቹ ተዘጋጅተን ነበር። አልወደቁም። ወንበሩ ፊት ቆሙ። እያዩት በጎፋ ቋንቋ ማውራት ጀመሩ፤ ጩኸት አይደለም፤ ከገበያ የዘገየ ልጅ እንደሚጠየቅ ነው። እኔ ጎፋኛ ጥቂት ብቻ ነው የምሰማው፤ ጥርስህ፣ የአባትህ ጥርስ፣ የሚሉትን ለየሁ። አስካል አጠገባቸው ሆና ስቅስቅ ትላለች። አማቴ መስታወቱን በመዳፋቸው አበሱት፤ ሌላ ጊዜም አበሱት። ከዚያ ዞሩ፤ በድንኳኑ ያለውን ሰው ሁሉ አዩ፤ እኔን አገኙኝ።

"ይሄ ማን አነሳው?" አሉ በአማርኛ። አማርኛቸው ከባድ ነው፤ ግን ጥርት ያለ ነው።

ቤቴል ከምሰሶው አጠገብ ቆማለች፤ የውሃ ማስታጠቢያና ፎጣ ይዛ ለምሳ እጅ ልታስታጥብ ነበር። በኔና በሷ መካከል አራት እርምጃ አይሆንም። አስካል አንገቷን ወደሷ ልታዞር ስትል አየሁ።

"እኔ ነኝ እማማ" አልኩ።

አማቴ መጡ። ቀኝ እጄን ያዙ፤ መዳፌን ገልብጠው ሳሙት። ሌሎች ሰዎች እንዲህ ሳቁ ብለው ፎቶ ሲያነሱ ሰው ውሸት ይስቃል፤ ይሄ ግን ሚስቱን አይቶ ነው የሳቀው አሉ። በአንቺ ቤት ደስ ብሎት ኖሯል፤ ይሄን ስላሳየሽኝ እግዜር ይስጥሽ አሉ። እነዚያን ቃላት ለማግኘት ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዓይኔን ከእማማ ትከሻ ላይ አነሳሁ፤ ቤቴል እያየችኝ ነበር። ማስታጠቢያውን እንደያዘች ጎንበስ ብላ ከሽማግሌዎቹ ጀመረች፤ በተራ፣ በተራ፣ እስከ እማማ ባዩሽ ድረስ። በእጃቸው ላይ ውሃ ስታፈስ እማማ ስሟን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። የማን ልጅ ነሽ አሏት፤ ጎረቤት ነኝ አለች።

እኔ ጋ ስትደርስ እጄን ዘረጋሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ፎጣውን ሰጠችኝ።

ቤቴል በዘጠኝ ሰዓት ተኩሉ ሚኒባስ ወደ ዲመካ ተመለሰች። አማቴ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፎቶውን በነጠላ ጠቅልለው ሳውላ ወሰዱት። ከመሄዳቸው በፊት አስካል በኮፒ እርሳስ ከጀርባው ጻፈችበት፦ በባለቤቱ በፀደይ የተነሳ፣ 2011 ዓ.ም.።